የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ከማስለወጥዎ በፊት፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋማ አካባቢ ተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

ፕሮሰሰር የኮምፒውተር ስሌት የሚከናወንበት ዋናው ክፍል ነው። ላፕቶፕ በዘገየ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረውም እሱ በመሆኑ፣ በተለይ ለጌም የተሠራ ያገለገለ ላፕቶፕ የገዙ ወይም ውጭ አገር ከሚኖር ዘመድ የተላከላቸው ወጣቶች «ፕሮሰሰሩን ባስለውጠውስ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከመሐል ሜዳ፣ ከሞላሌ፣ ከራቤል ወይም ከዓለም ከተማ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን አልያም አዲስ አበባ ድረስ ላፕቶፕ ይዞ መመላለስ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ አለው። ለጥገናው የሚከፈለው ገንዘብም አንዳንድ ጊዜ የቤተሰብ በግ ተሽጦ የተገኘ ነው። በመሆኑም ውሳኔው በግምት ሳይሆን በምርመራ ሊደረስበት ይገባል።

ዛሬ በአገልግሎት ላይ ባሉት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩን መለወጥ አያዋጣም፤ በብዙዎቹም በተለመደው ጥገና አይቻልም። በዴስክቶፕ ኮምፒውተር ፕሮሰሰሩ መሰኪያ ላይ የሚቀመጥ ሲሆን፣ በላፕቶፕ ግን ማሽኑ ቀጭን እንዲሆን ሲባል በማዘርቦርዱ ላይ በብየዳ ይያያዛል። የኢንቴል ምርት ከሆነ ዓይነቱን ከስሙ መጨረሻ ፊደላት መለየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 4ኛው ትውልድ፣ ለምሳሌ «አይ7 4700ኤምኪው» የተባለው ከመሰኪያው የሚነቀል ነው፤ «አይ7 4720ኤችኪው» የተባለው ግን የተበየደ ነው። ከዚያ ወዲህ በመጡት ትውልዶች የሚነቀል የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማግኘት እጅግ አዳጋች ሆኗል። የተበየደውን ለማንሣት ማዘርቦርዱን ብየዳው እስኪቀልጥ ድረስ፣ ይኸውም ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ፣ ማሞቅ ያስፈልጋል። ሥራው ልዩ መሣሪያ የሚጠይቅ ሲሆን ከተበላሸ ማዘርቦርዱ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል።

ፕሮሰሰሩ የሚነቀል ቢሆንስ? የሚተካው ፕሮሰሰር ያንኑ መሰኪያ የሚስማማ፣ በላፕቶፑ ባዮስ የሚታወቅና ማቀዝቀዣው ሊሸከመው የሚችል መሆን ስላለበት ምርጫው ከዚያው ትውልድ ብዙም አይወጣም። ይህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ የ4ኛ ትውልድ ላፕቶፕ ያለው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ በዚያ ትውልድ ካሉት ሁሉ ፈጣኑን ቢያስገባ እንኳ አዲሱን ሥርዓት ለመጫን ብቁ አይሆንም።

አብዛኛው ዝግመት መነሻው ሌላ ነው፤ መነሻውን ለማወቅም ባለሙያ መክፈል አያስፈልግም። ላፕቶፑ ከቻርጀር ጋር እንደተገናኘ ዘወትር የሚያዘገይዎትን ሥራ ይክፈቱ፤ ከዚያም ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት በመጫን ታስክ ማናጀርን ከፍተው ለጥቂት ደቂቃዎች ይከታተሉ። ሜሞሪው (ራም) ሊሞላ ከተቃረበ የሚያስፈልገው ራም መጨመር ነው። ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት ላፕቶፑን ከማንኛውም ጥገና በላይ ይለውጠዋል። ጌም በሚጫወቱበት ጊዜ ግራፊክስ ካርዱ 100 በመቶ እየሠራ ፕሮሰሰሩ ግን ገና አቅም ካለው፣ ፕሮሰሰር መለወጥ ምንም አይጨምርም። ፕሮሰሰሩ ብቻውን 100 በመቶ ከደረሰ ግን ፍጥነቱን የሚያሳየውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ከመነሻ ፍጥነቱ በታች እየወረደ ከሆነ ፕሮሰሰሩ አቅም አንሶት ሳይሆን ሙቀት ወይም የኃይል እጥረት አስገድዶት ነው።

ስለ ኃይል ካነሣን፣ የጌም ላፕቶፕ ከሌሎች የሚበልጥ ዋት ያለው ቻርጀር ይፈልጋል። ዋናው ቻርጀር ተበላሽቶ ከገበያ አነስተኛ ዋት ያለው ከተተካ፣ ወይም መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ብቻ ሲሠራ፣ ብዙዎቹ ሞዴሎች ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ። በቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን ዋት ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ጋር ማመሳከር ወጪ የሌለው ምርመራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የሙቀቱ ጉዳይ በደጋው የራሱ ጠባይ አለው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ ስለዚህ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚያወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የመንዝ ብርድ ይህን በከፊል ያካክሳል፤ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ቆላ ግን አየሩ ቢወፍርም ሙቀቱ ይጨምራል። የብዙ ላፕቶፖችና ሃርድ ዲስኮች አምራቾች ለሥራ የሚፈቅዱት የከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ መረጃ የሚያነበው ክፍል በሚሽከረከረው ዲስክ ላይ የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ንጣፍ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠብባል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ በሚገኘው የጓሳ አካባቢና በአቅራቢያው ለሚኖር ሰው እንግዲህ ኤስኤስዲ ማስገባት ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የፋይል ደኅንነትም ጉዳይ ነው። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

የኩበትና የእንጨት ጭስ ያለበት ቤት ውስጥ የሚሠራ ላፕቶፕ ማራገቢያው በጥላሸትና በአቧራ ይደፈናል። ማራገቢያውን ማስጠረግና በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ማስቀየር በአነስተኛ ዋጋ የሚሠራ ጥገና በመሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ ቢደረግ ይመረጣል። በውርጭ ሌሊት ሲጓጓዝ ያደረ ላፕቶፕም ሞቅ ያለ ቤት እንደገባ ወዲያውኑ አይከፈትም፤ በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ስለሚችል የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ላፕቶፑ የሚፈለገው ለምን እንደሆነም ይታሰብበት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የሚሰጡት የኦንላይን ሥልጠናዎች የጌም ፕሮሰሰር አይጠይቁም። የአንድሮይድ መተግበሪያ የሚያበለጽግ ሠልጣኝ እንኳ ቀድሞ የሚያጥረው ራም ነው፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይፈልጋል። ሥራቸው የቪዲዮ ቅንብር ወይም የ3ዲ ንድፍ የሆነና ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ተደርጎ ፕሮሰሰሩ አሁንም የሚያጥራቸው ተገልጋዮች፣ ያለውን ላፕቶፕ ሸጠው በዋጋው ላይ ጨምረው 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ ትውልድ ያለውን መግዛት ይሻላቸዋል።

ላፕቶፕዎን ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት ፋይሎችዎን ወደ ሌላ ማከማቻ ይገልብጡ፤ የሚገባው ዕቃ ሙሉ ስምና ቁጥር፣ ዋጋውና የዋስትና ጊዜው በጽሑፍ እንዲሰጥዎም ይጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደረሰኝ መቀበልን አይተዉ። ከውሉ ውጭ የሆነ ዕቃ ገብቶ ቢገኝ በመጀመሪያ ጥገናውን የሠራው ድርጅት እንዲያስተካክል ይጠይቁ፤ መፍትሔ ካልተገኘ ደረሰኙንና የጽሑፍ ስምምነቱን ይዘው አገልግሎቱን ባገኙበት ወረዳ ወይም ከተማ ለሚገኘው የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት አቤቱታዎን ማቅረብ ይችላሉ።