«መንፈስ ይታየኛል»፦ አንድ ወጣት ኳርተርባክ፣ ቁጡ ተንታኞች እና የ32 ውርወራ ሂሳብ

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2019 ማታ ነው። ኒው ዮርክ ጄትስ የተባለው የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ከኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ጋር እየተጫወተ ነው። የጄትሱ ኳርተርባክ ሳም ዳርኖልድ ገና 22 ዓመቱ ነው። ኳስ እያስጠለፈ አስቸጋሪ ምሽት እያሳለፈ ሳለ ወደ ተጠባባቂዎቹ ወንበር ተመለሰና አጠገቡ ላሉት ሰዎች «መንፈስ ይታየኛል» አላቸው። ልብሱ ላይ ማይክሮፎን ተገጥሞለት ነበር። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ኢኤስፒኤን ደግሞ ንግግሩን ለአገር ሁሉ አሰማው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። «መንፈስ» የሚለው ቃል መቀለጃ ሆነ። ልጁ ፈርቷል፣ ለዚህ ደረጃ አይመጥንም የሚለው ወሬም በየስቱዲዮው ተናፈሰ። አሰልጣኙ አዳም ጌዝ ንግግሩ በቴሌቪዥን መተላለፉ እንዳላስደሰተው በይፋ ተናገረ።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ዳርኖልድ በዚያ ምሽት 32 ጊዜ ወረወረ፤ ለጓደኞቹ የደረሱት 11 ብቻ ናቸው፤ 4 ኳስ ተጠለፈበት፤ ቡድኑም 33 ለ 0 ተሸነፈ። ከዚያ 8 ቀን ቀደም ብሎ ግን ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ሲጫወት፣ እሱም ላይ 32 ጊዜ ወርውሮ 23ቱ ደርሰውለት ነበር፤ ቡድኑም 24 ለ 22 አሸንፏል። ያኔ ምስጋናው ሌላ ነበር።

እንዴ! አንድ ሰው በ8 ቀን ውስጥ ከጀግና ወደ መናኛ ይለወጣል እንዴ? ተንታኞቹ ያዩት ነገር እውነት ነው ወይስ እነሱም መንፈስ ታይቷቸዋል? እስቲ በሂሳብ እንፈትሸው።

በመጀመሪያ፣ ኳርተርባክ ምን ይሠራል?

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በእያንዳንዱ ቡድን 11 ተጫዋች ሜዳ ላይ ይሰለፋል። አጥቂው ቡድን ኳሱን 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። ከተሳካለት እንደገና 4 ሙከራ ያገኛል። ኳርተርባክ የሚባለው በአብዛኛው ሙከራ ኳሱን መጀመሪያ የሚቀበለውና ወደፊት ለሚሮጡ ጓደኞቹ በእጁ የሚወረውረው ተጫዋች ነው። ተከላካዮቹ ደግሞ ሳይወረውር ሊጥሉት ይሮጡበታል። አንዳንዶቹ ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ኳሱን ከተቀበለ እስኪወረውር ድረስ ያለው ጊዜ በአማካይ 3 ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

በዚህች ጊዜ ውስጥ ማን እየመጣበት እንደሆነ፣ ማን ነጻ እንደሆነ፣ ኳሱ ሲደርስ ጓደኛው የት እንደሚሆን መወሰን አለበት። እኛ ቤታችን ሆነን ከላይ በተቀረጸ ምስል፣ ያውም በዝግታ ተደግሞ ነው የምናየው።

መንፈሱ ከየት መጣ?

በዚህ ስፖርት ውስጥ «መንፈስ ማየት» የታወቀ አባባል ነው። ኳርተርባኩ የሌለ አደጋ ታይቶት ሲደናገጥ ማለት ነው። ስለዚህ ዳርኖልድ አልቀባጠረም፤ የገጠመውን ችግር በሙያው ቋንቋ በትክክል ነው የገለጸው። በኢንጂነሪንግም ለዚህ ነገር ስም አለው፦ ሐሰተኛ ማንቂያ።

ኩሽና ውስጥ ያለ የጭስ ማንቂያ መሣሪያ አስቡ። በጣም ንቁ ካደረጋችሁት ሽንኩርት በተቁላላ ቁጥር ይጮሃል። በጣም ካደነዘዛችሁት ደግሞ ቤቱ ሲቃጠል ዝም ይላል። ሁለት ዓይነት ስህተት አለ ማለት ነው፤ አንዱ ሳይኖር አለ ማለት፣ ሌላው ኖሮ የለም ማለት። የመሣሪያውን ቁልፍ በማዞር ብቻ ሁለቱንም መቀነስ አይቻልም። አንዱን ስትቀንሱ ሌላው ይጨምራል። ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ሥሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የራዳር ሥራ ጋር ይያያዛል። የራዳር ሠራተኛው በስክሪኑ ላይ የምትታየው ነጥብ አውሮፕላን ትሁን ኖይዝ መለየት ነበረበት። ኖይዝ ስንል ትክክለኛውን መልእክት የሚያደበዝዝ ትርጉም የለሽ መዋዠቅ ማለታችን ነው።

ቁልፉ የት ላይ ይቀመጥ የሚለውን የሚወስነው የስህተቱ ዋጋ ነው። ፓትሪየትሶች በዚያ ምሽት ብዙ ተከላካዮችን ከፊት ይደረድሩ ነበር። አንዳንዴ ተግተልትለው ይመጣሉ፤ አንዳንዴ የሚመጡ መስለው ወደኋላ ይሸሻሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ በኃይል የተመታ ሰው አእምሮው ማንቂያውን የበለጠ ንቁ ያደርገዋል። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አእምሮ ራሱን ለመጠበቅ የሚያደርገው ስሌት ነው። ዋጋው ግን ሐሰተኛ ማንቂያ ይበዛል፤ ኳርተርባኩ ይቸኩላል፤ ኳሱም ይጠለፋል።

ሁለቱንም ስህተት አንድ ላይ የሚቀንሰው ነገር የተሻለ ሲግናል ነው። ይኸውም ልምድ፣ ጥሩ ጠባቂ ጓደኞች እና በደንብ የተዘጋጀ ዕቅድ ነው። ስድብ ከነዚህ ውስጥ የለም።

40 ቁራጭ ወረቀት

አሁን ወደ ተንታኞቹ እንምጣ። ቤት ውስጥ የምትሠሩት ሙከራ ልስጣችሁ። እንደ ዕቁብ ዕጣ 40 ቁራጭ ወረቀት ጠቅልሉ። በአንዱ ላይ ብቻ «ጠ» ብላችሁ ጻፉ፤ «ተጠለፈ» ማለት ነው። አንድ ዕጣ አውጡ፣ እዩት፣ መልሱት፣ በጥብጡት። ይህን 32 ጊዜ ስትደግሙ አንድ ጨዋታ ተጫወታችሁ ማለት ነው። በአሁኑ ዘመን በአሜሪካ የፕሮፌሽናል ሊግ ከ40 ውርወራ አንዱ ገደማ ስለሚጠለፍ፣ ዕቃችሁ ውስጥ ያለው አማካይ ችሎታ ያለው ኳርተርባክ ነው። አይደክምም፣ አይፈራም፣ መንፈስም አያይም።

በሂሳቡ መሠረት ከ100 ጨዋታ በ81ዱ ገደማ «ጠ» ወይ አንድም ጊዜ አይወጣም ወይ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ነገር ግን በ4 ወይም በ5 ጨዋታ 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ይወጣል። የአንድ ቡድን መደበኛ የውድድር ዓመት አሁን 17 ጨዋታ ነው። ስለዚህ ይህ የወረቀት ኳርተርባክ በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ 3 ኳስ የማስጠለፍ ዕድሉ ከግማሽ ይበልጣል። ችሎታው ግን ቅንጣት አልተለወጠም!

4 መጠለፍስ? ይህ ብርቅ ነው፤ ከ1,000 ጨዋታ በ8ቱ ገደማ ብቻ ይደርሳል። ግን ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት። 32 በ17 ሲባዛ 544 ነው። ሁሉም አማካይ ቢሆኑ እንኳ በየዓመቱ 4 ያህል ኳርተርባኮች እንዲህ ያለ ምሽት ያሳልፋሉ። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ከ544ቱ መርጦ የሚያወራው ስለነዚያ 4 ነው።

እዚህ ጋ ግን ሐቀኛ እንሁን፤ ሁሉም ነገር ዕድል አይደለም። ከ100 ውርወራ 60 የሚያደርስ ተጫዋች በ32 ውርወራ በአብዛኛው ከ14 እስከ 25 ያደርሳል። የዳላሱ 23 በዚህ ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ ያኔ «ድንቅ ኳርተርባክ ተገኘ» ማለት ችኮላ ነበር። 11 ግን ከክልሉ ውጭ ነው። በዚያ ምሽት በእርግጥ የሆነ ነገር ነበር። አንዱ ምክንያት ተጋጣሚው ነው። በዚያ የውድድር ዓመት ከሊጉ ሁሉ ትንሹን ነጥብ ያስቆጠሩበት ቡድን ፓትሪየትስ ነበር።

ቁጣ ይሠራል እንዴ?

«ብንቆጣው ይሻለዋል» የሚል አለ። ይህን ያነሳ ሌላም ሰው ነበር። በ2002 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ካህነማን፣ ወጣት ሳለ ለእስራኤል አየር ኃይል የበረራ አስተማሪዎች ትምህርት ይሰጥ ነበር። ሙገሳ ከቅጣት ይልቅ ያስተምራል ሲላቸው አንድ አስተማሪ ተቃወመው። «በደንብ የበረረውን ሳመሰግነው ቀጥሎ ያበላሻል፤ ያበላሸውን ስጮህበት ግን ቀጥሎ ያሻሽላል» የሚል ሐሳብ ነበር ያቀረበው።

አስተማሪው ያየው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ተሳስቷል። በጣም መጥፎ ከሆነ ውጤት በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ አማካዩ የቀረበ ውጤት ነው፤ ብትጮኹም ባትጮኹም። በጣም ጥሩ ከሆነውም በኋላ እንዲሁ። ይህ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል። በዕጣችሁ ሞክሩት፦ «ጠ» 3 ጊዜ በወጣበት ጨዋታ ወረቀቶቹን ተቆጧቸው። በሚቀጥለው ጨዋታ በእርግጠኝነት ማለት ይቻላል ይሻሻላሉ። ሰኞ የተሳደበ ተንታኝም እሑድ «ምክሬ ሠራ» የሚለው በዚሁ መንገድ ነው።

ታዲያ ተንታኞች ዝም ይበሉ?

አይደለም። መተቸት ሥራቸው ነው፤ አንዳንዴም ልክ ናቸው። በ1998 ሁለት ኳርተርባኮች በምርጫ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ሊጉን ተቀላቀሉ፦ ፔይተን ማኒንግ እና ራያን ሊፍ። ማኒንግ በመጀመሪያ ዓመቱ ከ575 ውርወራ 28 ተጠለፈበት፤ ለአዲስ ገቢ እስካሁን ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው። ቡድኑም ከ16 ጨዋታ 3 ብቻ አሸነፈ። ሊፍ ከ245 ውርወራ 15 ተጠለፈበት። በመቶኛ ስናየው 4.9 እና 6.1 ነው፤ ያን ያህል አይራራቁም። ማኒንግ ግን ከሊጉ ታላላቅ ተጫዋቾች አንዱ ሆነ፤ የሊፍ ጉዞ ባጭሩ ተቀጨ። ልዩነቱን ቀድሞ የሚጠቁም ሌላ ቁጥር ነበር፦ ማኒንግ በዚያው ዓመት 26 የታችዳውን ኳስ ሲያቀብል ሊፍ ያቀበለው 2 ብቻ ነው። ጥሩ ተንታኝ ከአንዱ አስደንጋጭ ቁጥር ባሻገር ሌላውንም ያያል።

የዳርኖልድም ችግር የአንድ ምሽት ብቻ አልነበረም። በጄትስ 3 ዓመት ውስጥ በመጀመሪያ ተሰላፊነት ከገባባቸው 38 ጨዋታዎች 13 ብቻ አሸንፏል። 38 ጨዋታ ትንሽ ናሙና አይደለም። ስለዚህ «ውጤቱ ደካማ ነው» ያሉት ልክ ነበሩ። ስህተቱ ያለው «ውጤቱ ደካማ ነው» ከሚለው ተነስቶ «እሱ ደካማ ነው» ወደሚለው መዝለል ላይ ነው። የምንለካው የ11 ሰው፣ የአሰልጣኝና የዕቅድ ድምር ውጤት ነው። አንድ ማሽን ሲበላሽ አንዱን ብሎን ብቻ ለይቶ መክሰስ አይቻልም። ብሎኑን ሌላ ማሽን ላይ ገጥሞ ማየት ያስፈልጋል።

እንደ አጋጣሚ ይህ ሙከራ ተሠርቷል። ዳርኖልድ በ2021 ከጄትስ ተሸኘ፤ ከዚያም ቡድን እየቀያየረ በ2024 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ ደረሰ። እዚያ 17 ጨዋታ ተሰልፎ 14 አሸነፈ፤ 35 የታችዳውን ኳስ አቀበለ። 27 ዓመቱ ነበር። ክንዱ ያው ክንድ ነው። ጠባቂዎቹ፣ ተቀባዮቹ፣ አሰልጣኙና ልምዱ ግን ሌላ ሆነዋል።

ሁሉም ወጣት እንዲህ ይመለሳል ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ በዚያ የኦክቶበር ምሽት ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር፤ ያወቁ መስለው የጮኹ ግን ብዙ ነበሩ። እነሱም በበኩላቸው ሐሰተኛ ማንቂያ ነው የሰሙት። ዳርኖልድ ቢያንስ መንፈስ እየታየው መሆኑን ያውቅ ነበር።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «አበቃለት» የሚል ፍርድ ስትሰሙ፣ ስለ ተጫዋችም ይሁን አንድ ፈተና ስለወደቀ ጓደኛችሁ፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ጊዜ ተለካ? የተለካው እሱ ብቻ ነው ወይስ አብረውት ያሉትም ጭምር? ይህን ምሽት ያየነው የተለመደ ስለሆነ ነው ወይስ ከ544ቱ ተመርጦ ስለታየን? ካላመናችሁኝ 40ውን ወረቀት ቁረጡና 17 ጨዋታ ተጫወቱ። «ጠ» ስንት ጊዜ እንደወጣ በየጨዋታው መመዝገብ አትርሱ።