መለኪያው የት ቆሞ ለካ? የቆየ የጉዞ ሞተር ብስክሌትን በቤት መመርመርና መጠገን



በዚህ መድረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ግድብ፣ ስለ ባቡርና ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂ ነው። እኔ ይዤ የቀረብሁት ጉዳይ ከእነዚህ አንጻር ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው፤ ዕድሜው አርባ ዓመት የደረሰ የጉዞ ሞተር ብስክሌት በቤት ግቢ ውስጥ እንዴት እንደሚመረመርና እንደሚጠገን እናያለን። ርእሱ ቢያንስም ስለ መለካት የሚነግረን ብዙ ነገር አለው።

የጉዞ ሞተር ብስክሌት ስል ሻንጣና ተሳፋሪ ይዞ ረጅም መንገድ እንዲሄድ የታሰበውን፣ ብዙ ጊዜም ነጂውን ከነፋስና ከዝናብ የሚከልል መሸፈኛ ያለውን ማለቴ ነው። ለምሳሌ የምወስዳቸው ቢኤምደብሊው የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሠራቸውን ባለሁለት ሲሊንደሮች ነው። መሐንዲሱ ማክስ ፍሪዝ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1923 የወጣውን አር 32 ሲነድፍ፣ አንዱን ሲሊንደር ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ አጋድሞ ሁለቱም ነፋስ እንዲያገኙ አደረገ፤ ኃይሉንም ወደ ኋላ ጎማ ያደረሰው በሰንሰለት ምትክ በሚሽከረከር ዘንግ ነበር። ይኸው አሠላለፍ ከብዙ መሻሻል ጋር በ1976 በአር 100 አርኤስ፣ በ1978 በአር 100 አርቲ፣ በ1982 ደግሞ በአር 80 አርቲ ላይ ይገኛል። በነፋስ የሚቀዘቅዙ፣ ሁለት ካርቡሬተር ያላቸውና ያለ ኮምፒዩተር የሚሠሩ በመሆናቸው ለቤት ጥገና ይመቻሉ። የካርቡሬተሩ የታችኛው ጽዋ በሽቦ ማቀፊያ ብቻ የተያዘ ስለሆነ ያለ ካቻቢቴ፣ በጣት ይወልቃል።

ካቻቢቴን ካነሣሁ አይቀር፣ የጋራዦቻችን ቋንቋ ምን ያህል ጣሊያንኛ እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። ቃላቱን ተቀብለን የራሳችን ካደረግናቸው ቆይተናል። ከመሣሪያዎቹ ጋር የመጡትን ቁጥሮች ግን የተቀበልናቸው የት አገር እንደተለኩ ሳንጠይቅ ነው። የዛሬው ነገሬም በዋናነት ይህ ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የምኖረው ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነው። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለሥራ ወደ ጎጃም በተደጋጋሚ የሚመላለሱበት እንዲህ ያለ ሞተር ብስክሌት ነበራቸው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው አልፎ አልፎ ያስነሣው ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የከተማው አስተዳደር በአዲስ አበባ የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴን በፈቃድ ሲገድብ ግን እንደ ብዙዎቹ ሁሉ በሸራ ተሸፍኖ ቆመ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሊቀሰቅሰው ቢሞክር ጠዋት በብዙ ልፋት ይነሣል፤ ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ የማስነሻው ቾክ ሲመለስ ይጠፋል፤ ባትሪውም በየሦስት ቀኑ ባዶ ይሆናል። ባትሪ ሁለት ጊዜ ተለወጠ። በመጨረሻ አንድ መካኒክ የሲሊንደሩን እምቅታ ለካና 7.6 ባር አገኘ። በእጁ የነበረው የጥገና መጽሐፍ ጤነኛ ሞተር 10 ባር ገደማ ሊያሳይ ይገባል ስለሚል፣ «ፒስተንና ፋሻ አልቋል፤ ሞተሩ ይውረድ» ብሎ ፈረደ። የተጠየቀው ገንዘብ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ነበር። እናትየው አንድ እሑድ ጠርተውኝ፣ «ዶክተር፣ ለቆራሌው ልሰጠው ነው፤ ልጁ ግን አንድ ጊዜ እርስዎ ይዩት ብሎ አስቸገረኝ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን 7.6 የምትለዋን ቁጥር እንመርምር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የእኛም ሰፈር ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 76 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ንፍሮ ደብረ ብርሃን ላይ ከአዋሽ ይልቅ ረጅም ጊዜ እንደሚፈጅ እናቶቻችን ያውቃሉ፤ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው ገና ሳይግል ይፈላል። የሞተር ሲሊንደርም የሚያምቀው ከውጭ የሳበውን አየር ነው። የሳበው የሳሳ ከሆነ፣ አምቆ የሚያሳየውም በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። በባሕር ጠረፍ 10 ባር የሚያሳየውን ጤነኛ ሞተር ወደ አዲስ አበባ ብታመጡት፣ አንድም ብሎን ሳይነካ፣ 10 ሲባዛ በ0.76፣ ማለትም 7.6 ባር ያሳያል። ሞተሩ አልታመመም ነበር። የተፈረደበት ለሌላ አገር አየር በተጻፈ ቁጥር ነው።

ስለዚህ በደጋ አገር እምቅታ ስትለኩ ከመጽሐፉ ቁጥር በፊት ሁለቱን ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው አወዳድሩ። የዚያን ዕለት ግራው 7.6፣ ቀኙ 7.5 ነበር። ይህን ያህል የተቀራረቡ ሲሊንደሮች አብረው በእኩል አልቀዋል ብሎ ለማመን ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ በተቃራኒው ይመሰክር ነበር። ፋሻ ያለቀበት ሞተር ዘይት ስለሚያቃጥል ጭሱ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥቁር ጭስ ግን ነዳጅ በዛ ማለት ነው። ጭሱን ዓይቶ ቀለሙን አለመጠየቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ በጋራዦቻችን በየዕለቱ የሚታይ ጉድለት ነው።

እንግዲህ ከየት እንጀምር? ገንዘብ ከማያስወጣው። ሞተር እንዲሠራ በልክ የተደባለቀ ነዳጅና አየር፣ በሰዓቱ የሚመጣ እሳትና በቂ እምቅታ ይፈልጋል። እምቅታው ደኅና ከሆነ ሁለት ተጠርጣሪዎች ይቀሩናል። እዚህ ላይ የፍሪዝ አሠላለፍ ትልቅ ስጦታ ይሰጠናል፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት በመሆናቸው አንዱ ለሌላው መመሳከሪያ ይሆናል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ በሁለቱ የጭስ ቱቦዎች ላይ ውኃ ጠብ አደረግን፤ ግራው ላይ ቶሎ ተነነ፤ ቀኙ ላይ ዘገየ። ስለዚህ ያልሠራው ቀኙ ነው። ሞተሩን አጥፍተን የግራውን ካንዴላ ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወርን። ችግሩ ከካንዴላው ጋር ወደ ግራ ቢሄድ ጥፋተኛው ካንዴላው ነበር፤ አልሄደም። ቦቢናውንም እንዲሁ አለዋወጥን፤ ችግሩ አሁንም ቀኝ ቀረ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ የሚለውን የቤተ ሙከራ ሕግ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ፤ ያለ ምንም መሣሪያ ይህን ያህል ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ ግን ብዙ አላየሁም። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ከ1981 ሞዴል ጀምሮ ያሉት ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ስላላቸው፣ የካንዴላውን ገመድ ነቅሎ በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ሞተሩን ማዞር ያንን ክፍል ሊያቃጥለው ይችላል።

የቀረው ነዳጅ ነው። የቀኙን ጽዋ ስናወልቅ ከታች ውኃ ጠብታ፣ በዙሪያው ደግሞ እንደ ሙጫ የደረቀ ቡናማ ነገር አገኘን። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ቀላሉ ክፍል ተኖ ከባዱ ይጋገራል። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ የተጀመረው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ነው፤ ኤታኖል ደግሞ እርጥበት ይስባል፣ የቆዩ ጎማ ክፍሎችንም ያሳብጣል። ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲዞር ነዳጅ የሚያልፍባት ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ብዙም ስለማትሰፋ ያ ሙጫ ዘግቷታል። በካርቡሬተር ማጽጃና በአየር ግፊት ከፈትናት። በሽቦ መጎርጎር ግን ክልክል ነው፤ ቀዳዳዋ በጥቂቱም ብትሰፋ ልኳ ይጠፋል። ከላይ ያለውን ስስ የጎማ ሽፋንም ወደ ብርሃን ይዘን አየነው። እሱ ከተቀደደ ሞተሩ ቆሞ በደንብ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበት ያጣል።

አሁን የጥቁሩ ጭስ ምሥጢር ተፈታ። ቀኙ ሲሊንደር ያለ ጋዝ መቆም ስላልቻለ ልጁ ቾኩን ሳይመልስ ይነዳ ነበር፤ ቾኩ ሁለቱንም በነዳጅ ያጥለቀልቃል። በዚህ ላይ ከፍታው አለ። የአየሩ እፍጋት በሩብ ሲቀንስ፣ በቀላሉ ስሌት፣ ካርቡሬተሩ ለዚያው አየር የሚሰጠው ነዳጅ በ15 በመቶ ገደማ ይበዛል። ይህ ዓይነቱ ካርቡሬተር ከፊሉን በራሱ ያካክሳል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። መርፌውን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከዚያ በላይ ማሳሳትን አልመክርም፤ ይህ የጉዞ መኪና ነው፤ 900 ሜትር አካባቢ ወዳለው አዋሽ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ድብልቁም እጅግ ሳስቶ ሞተሩ ከልክ በላይ ሊግል ይችላል። የጉልበቱን ነገርማ መቀበል ነው፤ 50 የፈረስ ጉልበት የተባለለት አር 80 አርቲ እዚህ ከ40 በታች ቢሰጥ በደል አይደለም።

ሁለቱ ካርቡሬተሮች እኩል እንዲተነፍሱ ማስተካከል የራሱ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን መግዛት አያስፈልግም። በሰፈራችን በሚሠሩት ሕንፃዎች ግንበኞች የሚጠቀሙበት የውኃ ልክ ቱቦ ይበቃል። ቱቦውን በሁለት ሜትር ጣውላ ላይ እንደ ዩ አጥፎ ጥቂት የሞተር ዘይት መጨመር፣ ሁለቱን ጫፎችም በካርቡሬተሮቹ የመሳቢያ ቀዳዳ ላይ መሰካት ነው። ዘይቱ ወደ አንዱ ወገን ከፍ ካለ ያ ወገን አብልጦ ይስባል። ውኃ አትጨምሩ፤ ልዩነቱ ሰፍቶ ሲሊንደር ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ከዘይት ይከፋል። ይህ ሥራ ሞተሩ እየዞረ የሚሠራ ስለሆነ በደጅ እንጂ በዝግ ቤት አይሆንም፤ የቡናው ከሰልም ራቅ ይበል።

ባትሪውስ? ልጁን ቁልፉን እንዲያዞር ጠየቅሁት። የዘይቱ መብራት በራ፤ የዲናሞው መብራት አልበራም። «ጋሼ፣ እሱማ ከድሮም አይበራም» አለኝ። በእነዚህ ሞተር ብስክሌቶች ያች አምፖል ማስጠንቀቂያ ብቻ አይደለችም። ዲናሞው ማመንጨት ለመጀመር የሚያስፈልገው የመጀመሪያ ጅረት የሚያልፈው በእርሷ ውስጥ ነው። አምፖሏ ከተቃጠለች ዲናሞው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ባትሪውን ላይሞላ ይችላል። በኤልኢዲ መተካትም አይሆንም፤ የምታሳልፈው ጅረት አይበቃም። አዲስ አምፖል ብትገባም ካልበራች የዲናሞው መሽከርከሪያ መጠምጠሚያ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል በቴስተር ይለካል። እኛ ከሶማሌ ተራ የመጣች ተራ አምፖል በቃችን። ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት የነበረው ባትሪ፣ በ3,000 ዙር 13.9 አሳየ። ቆራሌውም ሌላ ዕቃ ፈልጎ ሄደ።

ከዚህ ወዲያ ያለው ሰውን ሊገድል የሚችለው ክፍል ነው። ሞተሩ ቢቆም ከመንገድ ዳር ትቆማላችሁ፤ ፍሬኑ ቢከዳ ግን ሌላ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለው ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የጠጣ ዘይት ፍሬኑ ሲግል ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚታመቅ መያዣው ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ ለዓመታት የቆመ ዘይት ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ የጎማ ቱቦም ከውጭ ደኅና ቢመስል ከውስጥ አብጦ መንገዱን ይዘጋልና ይለወጣል። እነዚህን ራሳችሁ ልትፈቱ ትችላላችሁ፤ መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ ግን ልምድ ያለው ባለሙያ ሳያየው አትንዱ። በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞችም አንብቡ፤ 2315 ቢል በ2015 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው፤ ጥርሱ ያላለቀ ቢሆንም ለዚያ ቁልቁለት አይሆንም። የጎረቤቴ ልጅ እስካሁን የሚነዳው እንዲፈቀድለት በወጣው ወረቀት መሠረት በሰፈር ውስጥ ብቻ ነው፤ የፍሬን ቱቦዎቹ ገና አልመጡም።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። እምቅታ መለኪያውንና የዘይት ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫቸዋለሁ፤ ቀርባችሁ ልትነኳቸው ትችላላችሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።