ከተማ ሁሉ የሚያነበው አንድ መጽሐፍ

ንባብ ብዙውን ጊዜ ብቻን የሚፈጸም ተግባር ነው። አንባቢው መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሣ፣ ያስደነቀውን ወይም ያሳዘነውን የሚያጫውተው ባልንጀራ ካላገኘ፣ ሐሳቡ በልቡ ተቀብሮ ይቀራል። ለዚህ መድኀኒት የሚሆን አንድ መልካም ልማድ በአሜሪካ በሲያትል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ተጀመረ። የከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባልደረባ የነበሩት ወይዘሮ ናንሲ ፐርል፣ ሕዝቡ ሁሉ አንድ መጽሐፍ አንብቦ በአንድነት እንዲወያይ ጋበዙ። በ2001 ዓ.ም. ቺካጎ ተከተለች፤ ሌሎችም ከተሞች አርአያውን ያዙ።

እኛን በይበልጥ የሚነካን ግን የሲያትል የ2008 ዓ.ም. ምርጫ ነው። የተመረጠው፣ በአዲስ አበባ ተወልደው በሕፃንነታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱት አቶ ዲናው መንግሥቱ በእንግሊዝኛ የጻፉት ልብ ወለድ ነበር። ባለታሪኩ በአብዮቱ ዘመን አባቱን አጥቶ የተሰደደና በዋሽንግተን አነስተኛ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ነው። ከእንዲህ ያለ ባለሱቅ ዘወትር ወተትና ዳቦ እየገዛ ታሪኩን ግን ጠይቆ የማያውቅ ጎረቤት፣ መጽሐፉን ሲያነብ የሰውየውን ልብ የሚያይበት በር ይከፈትለታል።

ይሁን እንጂ መጽሐፍ ማጨት ቀላል አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የኒው ዮርክ መራጮች በአንድ መጽሐፍ መስማማት ተስኗቸው ተለያይተዋል። ዕጩው መጽሐፍ በብዛትና በርካሽ ዋጋ መገኘት አለበት፤ ሽማግሌውም ተማሪውም ሊረዳው ይገባል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በአንድ ቃል የማይቋጭ ክርክር የሚያስነሣ ሊሆን ይገባዋል።

አዲስ አበባ ዕጩዋን ብትጠየቅ፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያቀርባል። «እርሱንማ ሁሉ ያውቀዋል» የሚል ተቃዋሚ አይታጣም። እውነት ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቈጠሩትም ሰምተውታል። ነገር ግን ሰምቶ ማድነቅ ሌላ፣ አንብቦ መመርመር ሌላ ነው። የሰብለ ወንጌልን ዕድል የወላጆቿ የትውልድ ኩራት ወሰነው። ዛሬስ ልጃችን የምታገባውን ሰው ስንመዝን፣ ሚዛናችን የሰውየው ጠባይ ነው ወይስ የአባቱ ስም?

ወላጆችና ልጆች አንዱን መጽሐፍ በየተራ አንብበው ይህን ጥያቄ በማዕድ ዙሪያ ቢያነሡ፣ የከተማው ንባብ ከቤት ተጀመረ ማለት ነው። የእናንተስ ዕጩ፣ ክቡራን አንባብያን፣ የትኛው ነው?