ጡንቻ ይስባል እንጂ አይገፋም

በሐምሌና በነሐሴ ወራት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ አጠገብ ሲደርስ፣ የፎገራ ሜዳ ውሃ ለብሶ፣ ሕዝቡም ትልቅ ትንሽ ሳይል ሩዝ ለማረም ጐንብሶ ያያል። ሩዝ በዚህ ሜዳ ከ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት ወዲህ እየተስፋፋ የመጣ እህል ነው። በረከቱ ብዙ ቢሆንም፣ በእጅ መታረሙ ወገብን የሚፈትን ሥራ ሆኗል።

አንድ ተማሪዬ ከአረም ሥራ ሲመለስ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፤ «መምህር፣ ጐንበስ ብዬ ስሠራ ብዙም አይሰማኝም፤ ቀና ስል ግን ወገቤ ይቆረጣል። አባቴም ሰነፍ ይለኛል። ምን ሆኜ ነው?» ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነውና መልሱን ለአንባብያን ማካፈል ወደድሁ።

ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው 206 አጥንቶች አሉት። አጥንት ግን በራሱ አይንቀሳቀስም፤ የሚያንቀሳቅሱት ከ600 የሚበልጡ ጡንቻዎች ናቸው። ሁለት አጥንቶች የሚገናኙበት ስፍራ መጋጠሚያ ይባላል። ክርን እንደ በር ማጠፊያ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። የዳሌ መጋጠሚያ ግን በሙቀጫ ውስጥ እንዳለ ዘነዘና ወደ ዙሪያው ይዞራል። የአጥንቶቹም ጫፍ በልም አጥንት ተሸፍኖ፣ የእንቁላል ነጭ ውሃ በሚመስል ፈሳሽ ይርሳል፤ ስለዚህ ሳይፋተግ ይንሸራተታል።

ጡንቻ በጅማት አማካይነት ከአጥንት ጋር የተያያዘ ነው። ከአንጎል የወጣ ትእዛዝ በነርቭ ሲደርሰው ይኰማተራል፤ ሲኰማተርም አጥንቱን ይስባል። ነገሩ እንደ ገመድ ነው፤ ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ጡንቻዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ሰው ሲጐርስ የክንዱ የፊት ጡንቻ ይስባል፤ የኋላው ይላላል። ለልጁ ጉርሻ ሲዘረጋ ደግሞ የኋላው ይስባል፤ የፊተኛው ይላላል።

አሁን ወደ ወገብ እንመለስ። ሰው ሲጐነብስ የላይኛው አካሉ ክብደት ከወገቡ ርቆ ወደ ፊት ይንጠለጠላል። እንዳይወድቅ የሚይዙት ከአከርካሪው በስተኋላ ያሉት ጡንቻዎችና ጅማቶች ናቸው። ጡንቻዎቹ የሚስቡት ግን ከአከርካሪው መጋጠሚያ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቀው ነው። ስሌቱን እንመልከት። 10 ኪሎ ዕቃ ከአከርካሪው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያዝ፣ ርቀቱ ዐሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ጡንቻዎቹ ለዕቃው ብቻ በ100 ኪሎ ያህል ኃይል መሳብ አለባቸው። ዕቃው ወደ ደረት ቀርቦ በ25 ሳንቲ ሜትር ቢያዝ ግን 50 ኪሎ ይበቃል። በዚህ ሁሉ የሰውዬው የራሱ ክብደት ገና አልተቈጠረም።

ለረጅም ጊዜ የተወጠረ ጡንቻ ደም እንደ ልብ ስለማይዘዋወርበት ይደክማል፤ ጅማቶችም ይለጠጣሉ። እንግዲህ ልጁ ቀና ሲል፣ እነዚያው የደከሙ ጡንቻዎች የአካሉን እኩሌታ ያህል ክብደት ማንሣት ግድ ይሆንባቸዋል። ሕመሙ በዚያች ሰዓት የሚሰማው ስለዚህ ነው እንጂ ከስንፍና አይደለም።

ታዲያ ምን ይበጃል? ሰው ሲሰግድ ወገቡን ብቻ አያጥፍም፤ ቁርጭምጭሚቱን፣ ጉልበቱንና ዳሌውን አብሮ ያጥፋል፤ ሸክሙንም ታላላቆቹ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻዎች ይካፈሉታል። ሌሊቱን በማኅሌት የሚቆመውም መቋሚያውን ይደገፋል። በእርሻም እንዲሁ ሸክምን ማካፈል ይገባል። ጆንያ ስናነሣ ጉልበታችንን አጥፈን፣ ዕቃውን ወደ ደረታችን አስጠግተን፣ በጭናችን ኃይል እንነሣ፤ ከባዱንም ለሁለት እንያዘው። የሚያርም ሰው ሕመም እስኪሰማው ሳይጠብቅ ቶሎ ቶሎ ቀና ይበል። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ፣ ወይም እግርን የሚያደነዝዝና የሚያዝል ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ይህንኑ ለተማሪዬ አባት በነገርኳቸው ጊዜ ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያም እጃቸውን ወደ ወገባቸው አድርገው፣ «መምህር፣ እኔንም እኮ የሚይዘኝ ቀና ስል ነው፤ ያረጀሁ መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም» አሉኝ።