ሶፍትዌሩ ሲሻገር ሲስተሙ ይሞታል?

ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚጠቀሙበት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዕድሜው የሚወሰነው በላዩ ላይ በሚሠሩት ፕሮግራሞች ነው። ሌላ ቦታ የማይገኝ ጥሩ ፕሮግራም ካለው ተጠቃሚው አይለየውም። ያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ ተስተካክሎ የቀረበ ዕለት ግን አብሮ የመቆየቱ ምክንያት ይሳሳል። ስጋቱ መሠረት አለው። ሆኖም ትንንሾቹን ሲስተሞች የጣላቸው ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

አሚጋ የተባለውን ኮምፒውተር በቴሌቪዥን ሥራ ያስመረጠው ኒውቴክ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ቪዲዮ ቶስተር ነበር። አብሮት የመጣው ላይትዌቭ የተሰኘው የምስል መሥሪያ ፕሮግራም ኋላ ወደ ዊንዶውስ ተሻገረ። ላዩን ሲታይ አሚጋን የገደለው ይህ ይመስላል። ይሁንና አምራቹ ኮሞዶር በ1994 ከስሮ ነበር፤ ላይትዌቭ በዊንዶውስ ላይ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው። ባይሻገር ኖሮ እሱም አብሮ ይቀር ነበር። የአይቢኤም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ኦኤስ/2 ደግሞ የዊንዶውስን ፕሮግራሞች ራሱ ማሠራት በመቻሉ፣ ለእሱ ብሎ አዲስ ፕሮግራም የሚጽፍ እየጠፋ ሄደ።

በኢትዮጵያ የዚህ ጥያቄ ቅርብ ዘመድ የፊደል ሶፍትዌር ነው። ለየፊደሉ አንድ ቁጥር ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከዩኒኮድ በፊት ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በጊዜው አንድ ፎንት ቢበዛ 256 ቦታ ነበረው፤ ያም ሁሉ ለፊደል አይውልም። 33ቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት በሰባት ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ፊደሉን ከአንድ በላይ ፎንት ላይ አከፋፈሉት፣ ወይም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጠው ሲተየብ እንዲገጣጠሙ አደረጉ። የሚያስመሰግን ብልሃት ነበር።

መዘዙ የሚታየው ፋይሉ ሲንቀሳቀስ ነው። ይጁቤ ላይ በአንዱ ፕሮግራም የተተየበ ደብዳቤ በፍላሽ ደብረ ማርቆስ ደርሶ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ቢከፈት፣ በአማርኛው ፈንታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ይወጣል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው በዚያ ቦታ የተቀመጠውን የላቲን ፊደል እንጂ «ሀ»ን አይደለምና። ጽሕፈት ቤቶችም ከፕሮግራሙና ፕሮግራሙ ከሚሠራበት ዊንዶውስ ጋር ተጣብቀው ቀሩ። ሊኑክስን ልሞክር ላለ ሰው የቆየው ሰነዱ ራሱ እንቅፋት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ «ሀ» በየትኛውም ሲስተም ያው «ሀ» ሆነ። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። የአገር ውስጥ ፕሮግራሞቹ ብቸኛ በር መሆናቸው በዚህ አበቃ። ፓወር ግዕዝ ግን የዩኒኮድ ፎንት ጨምሮ ቀጠለ፤ ጣቱ አንድ የኪቦርድ አቀማመጥ የለመደ ጸሐፊ በቀላሉ አይለውጥም። ተጠቃሚውን የያዘው የሥራ ምቾት ከሆነ ሶፍትዌሩ ቢሻገርም ሰዉ ወዲያው ነቅሎ አይሄድም። ተጠቃሚውን መውጫ በማሳጣት ብቻ የያዘ ሲስተም ግን ቀድሞውንም አልጸናም።

የሶፍትዌር መሻገር ትንሹን ሲስተም የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። ቢኦኤስ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ፈለግ ተከትለው ፈቃደኞች እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመሩት ሃይኩ እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ፕሮግራሞችን ከሌሎች ሲስተሞች እያመጣ ያሠራል። ያለ እነሱ ለዕለት ሥራ የሚመርጠው ሰው ጥቂት በሆነ ነበር።

በኢትዮጵያ አሁን የሚያስቸኩለው በድሮው ፎንት የተጻፈው ሰነድ ነው። ወደ ዩኒኮድ ለመለወጥ ለእያንዳንዱ አሠራር የራሱ የቁጥር ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፤ የቪዥዋል ግዕዙ ለፓወር ግዕዙ አይሆንም። ስለዚህ አስቀድሞ የፎንቱን ስም መመዝገብና ዋናውን ፋይል ሳይነኩ ማኖር፣ ከተለወጠ በኋላም ዲቃሎቹንና አኃዞቹን ከታተመው ቅጂ ጋር ማመሳከር ይገባል።