ኳሷን ሳይሆን ሜዳውን ይዩ

ጎጃም ያደገ ሰው ስለ ገና ጨዋታ ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚያነሣው ሜዳውን ነው። «እነሱ ከላይ ሆነው ነው ያሸነፉን» ይልዎታል። እውነቱን ነው። ደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገና የሚጫወቱበት መስክ እንደ እግር ኳስ ሜዳ የተደለደለ አይደለም። አንዱ ወገን ቁልቁል ይመታል፣ ሌላው ሽቅብ ይገፋል። ጥንጓ ረግረግ ውስጥ ከገባች እዚያው ትቀራለች፤ ከብት የጠቀጠቀው ደረቅ መሬት ላይ ካረፈች ደግሞ የሚደርስባት የለም።

ይህን ሁሉ በልጅነቱ ማንም ሳያስተምረው የሚያውቅ ሰው፣ አድጎ አዲስ አበባ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ ባለው ጎልፍ ክለብ ዱላ ሲጨብጥ ግን ይረሳዋል። ኳሷ ዛፍ ውስጥ ስትገባ ክንዱን ይወቅሳል። ሲብስበት ዱላ ይቀይራል፤ ዱላው ደግሞ ውድ ነው። እርስዎም እንዲህ ከሆኑ፣ አዲስ ዱላ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ያ ሜዳ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አስበው ያውቃሉ?

የጎልፍ ሜዳ እንደ ቤት ንድፍ አለው፤ ንድፉን የሚያወጣ አርክቴክትም አለው። የመጀመሪያው አርክቴክት ግን፣ እንደ እኛ የገና መስክ ሁሉ፣ መሬቱ ራሱ ነበር። ስኮትላንድ ውስጥ ሴንት አንድሩስ ከተማ የሚገኘው ጥንታዊ ሜዳ የሕዝቡ የጋራ መሬት ነበር። ባንከር የሚባሉትን የአሸዋ ጉድጓዶች በጎች ከባሕር ነፋስ ሲሸሹ ተኝተው ያጎደጎዷቸው ናቸው ይባላል። ዛሬ በመላው ዓለም 18 ጉድጓድ የሚጫወቱትም እዚያ እ.ኤ.አ. በ1764 ከ22 ወደ 18 ስለተቀነሰ ነው። እኔን ይበልጥ ደስ የሚለኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከጥቂት ትልልቅ ውድድሮች በቀር እሑድ እሑድ ጎልፍ የለም። ሜዳው ለሕዝብ ይለቀቃል፤ ቤተሰብ ይንሸራሸርበታል።

አርክቴክቶቹ ከመሬቱ የተማሩት ዋናው ብልሃት ለጎጃም ሰው አዲስ አይደለም። ክረምት ላይ ከገበያ ሲመለሱ ሁለት መንገድ አለ፤ ረግረጉን የሚያቋርጠው አጭሩ፣ በጋራው ጥግ የሚዞረው ረጅሙ። አህያ የጫነ ሰው ይዞራል። የቸኮለ ጎረምሳ ያቋርጣል፤ አንዳንዴም አንድ እግር ጫማ ጭቃው ውስጥ ትቶ ይመጣል። ጥሩ የጎልፍ ሜዳም ይኸው ነው። አደጋው የሚቀመጠው አጭሩ መስመር ላይ ነው፤ ጠንቃቃው በሰላም ይዞራል፣ ግን አንድ ተጨማሪ ምት ይከፍላል።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ኤፕሪል የማስተርስ ውድድርን በቴሌቪዥን የሚያዩ ከሆነ፣ የኦገስታን 13ኛ ጉድጓድ ይጠብቁ። ከፊት ለፊቱ ጅረት ያልፋል። በሁለት ምት ልድረስ ያለ ጅረቱን በአየር ማሻገር አለበት፤ ያልደፈረ ከጅረቱ ወዲህ አሳርፎ በሦስተኛው ይሻገራል። ይህን ሜዳ ከታዋቂው ተጫዋች ከቦቢ ጆንስ ጋር የነደፈው አሊስተር ማኬንዚ ሐኪም ነበር። በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ቦሮች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር አመሳስለው እንዴት እንደሚሰውሩ አይቶ፣ በኋላ ያንኑ ዘዴ ለባንከሮቹ አዋለው። ተንታኞቹ ስለ ተጫዋቹ ሲያወሩ እርስዎ ጅረቱን ይመልከቱ።

ሣሩም ባዳ አይደለም። በሞቃት አገሮች ብዙ የጎልፍ ሜዳ የሚለብሰው፣ ፈረንጆች ቤርሙዳ የሚሉት ሣር የእኛው ሰርዶ ነው። አዎ፣ አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችለት! ጉድጓዱ ዙሪያ አጥሮ የተቆረጠ ሰርዶ ላይ ኳስ ሲገፉ ቅጠሉ ወዴት እንደተኛ ይዩ። ሣሩ ካብረቀረቀ ቅጠሉ ከእርስዎ ወዲያ ተኝቷል፤ ኳሷ ትፈጥናለች። ከጠቆረ ግን ወደ እርስዎ ስለሆነ ጠንከር አድርገው ይግፏት።

ከፍታውም የራሱ ሥራ አለው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባም ብዙ አትርቅም። የዓለም ታላላቅ ተጫዋቾች ከ2017 እስከ 2020 የተወዳደሩበት የሜክሲኮ ሲቲው ቻፑልቴፔክ ሜዳ በከፍታ ከእነዚህ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ እዚያ አየሩ ስለሚሳሳ ኳስ አንድ አሥረኛ ያህል ርቃ ትሄዳለች። እንግዲህ ኳስዎ ከጉድጓዱ አልፋ ከወደቀች ሁልጊዜ የክንድዎ ጥፋት አይደለም።

አንድ ቀን ዱላውን ቤት ይተዉትና ከጉድጓዱ ተነሥተው ወደ መነሻው በእግርዎ ወደኋላ ይሂዱ። ከፊት ሲያዩት የተሰወረው ተዳፋትና ሰፊው ማረፊያ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። ልጆችዎን ይዘው ቢሄዱ ደግሞ ይሻላል።

እኔ ይህን የሞከርኩት ባለፈው ገና ደብረ ማርቆስ ሄጄ፣ ልጅ ሳለሁ በተጫወትኩበት መስክ ላይ ነው። በአንድ ወገን ቤት ገብቶበታል፤ ግማሽ ያህሉ ቀርቷል። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ መጀመሪያ ያለችኝ «ባዶ ቦታ ነው እኮ» ነው። ቅር አለኝ፤ ግን እንዴት ትወቅ? አርክቴክት መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጠየቅኋት፦ «ዝናብ ሲዘንብ ውኃው ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?» ዋልካው ተሰነጣጥቆ ነበር። ስንጥቁን ተከትላ ቁልቁል ወረደች፤ ሣሩ ገና አረንጓዴ የሆነበትን ጥግ አገኘች፤ ከዚያ ዞራ ወደ ላይ አየች።

«አባዬ፣ እኔ ከላይኛው ቡድን ነኝ» አለችኝ።