ጨለማ የሚችል ሌንስ ስንት ነው?

አንድ የመልስ ፕሮግራም ላይ ፎቶ እንዳነሳ ተከፍሎኝ ሄድኩ። ቀን ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። ማታ ድንኳኑ ውስጥ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ጭፈራው ሲደምቅ ግን ካሜራዬ አቃተው። ፎቶው ወይ ይጨልማል፣ ወይ የሚጨፍረው ሰው ሁሉ ብዥ ይላል፣ ወይ ደግሞ ፊታቸው ላይ አሸዋ የተበተነ ይመስላል። የሙሽራዋ እህት ፎቶዎቹን አይታ «የኔ ስልክ ሳይሻል አይቀርም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ቀሪውን ግማሽ ክፍያ ለመጠየቅ አፍሬ ቀረሁ።

ካሜራዬ ሶኒ ኤ6000 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሚረርለስ፣ ያገለገለ የገዛሁት። መጀመሪያ ያሰብኩት አዲስ ካሜራ እንደሚያስፈልገኝ ነበር። ተሳስቻለሁ። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ከ16 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው ዙም ሌንስ ነው። ላዩ ላይ 3.5 እና 5.6 የሚሉ ቁጥሮች አሉት። ይሄ አፐርቸሩ ነው፣ የብርሃን መግቢያው ስፋት። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ዙሙን እስከ መጨረሻ ካወጣችሁት 5.6 ላይ ናችሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። 5.6 ለ1.4 ሲካፈል 4፤ 4 በራሱ ሲባዛ 16። ኤፍ 1.4 የሆነ ሌንስ ከኔው 16 እጥፍ ብርሃን ያስገባል ማለት ነው። ያን ምሽት አይኤስኦ 6400 ላይ ያነሳሁትን 400 ላይ አነሳው ነበር፤ ያ አሸዋም አብዛኛው አይኖርም ነበር። (ስታቢላይዘር ያለው ሌንስ ግዛ የሚሉኝ ነበሩ። ስታቢላይዘር የራሴን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ እስክስታ የሚመታውን ሰው አያቆምልኝም።)

ለካሜራዬ የሚመከረው ሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ ዋጋው 339 ዶላር ነበር። ሌንስ እዚህ አይመረትም፤ ዋጋው ዶላሩን ተከትሎ ይወጣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ የተጠራልኝ ዋጋ ካሜራውን ከገዛሁበት ይበልጣል። አመስግኜ ወጣሁ።

ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ኤፍ 1.8 አገኘሁ፣ ዋጋውም ደህና። ከሻጩ ጋር ተገናኝተን የስልኬን መብራት ከኋላ በኩል አበራሁበት። ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። «አቧራ ነው ወንድሜ፣ ይጸዳል» አለኝ። መለስኩለት። ያገለገለ ሌንስ ስትገዙ በመብራት ሳታዩ ብር እንዳትልኩ።

መፍትሔው የተገኘው አጎቴ ቤት ቡፌ ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ተምሮ ሲመለስ ዜኒት ካሜራ ይዞ መጥቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ሌንሷን ልዋሳት?»

«ፊልም ከየት ልታመጣ ነው?»

ሌንሷ ሄሊዮስ 44-2 ትባላለች፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 2። ከኔው 5.6 ጋር ሲተያይ 8 እጥፍ ገደማ ብርሃን ነው። ሚረርለስ ካሜራ ውስጥ ሌንሱና ሴንሰሩ ይቀራረባሉ፤ የድሮ ሌንስ የሚፈልገውን ርቀት አዳፕተር ይሞላዋል። አዳፕተሩ ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ቀለበት ስለሆነ ርካሽ ነው። የኔን ጓደኛዬ ከዱባይ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ጣል አድርጎ አመጣልኝ። ገጥሜው ካሜራው አላነሳ ብሎ ግማሽ ቀን አቃጠልኩ። ለካ ሜኑ ውስጥ ያለ ሌንስ እንዲያነሳ መፍቀድ ነበረብኝ!

ነጻ ነገር የለም መቼም። ይህች ሌንስ ኦቶ ፎከስ የላትም። በብር ያልከፈልኩትን በጊዜ ከፈልኩት። አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ አጎቴን በሻማ አነሳሁት። ከ40 ፎቶ የጠሩት 9 ናቸው። ፎከስ ፒኪንግ የሚባለው፣ የጠራውን ቦታ ጠርዝ በቀለም የሚያሳየው ነገር ባይኖር ዘጠኙም አይገኙም ነበር። ኤፍ 2 ላይ ዓይኑ ጥርት ሲል ጆሮው ይደበዝዛል፤ ትንሽ ወደፊት ዘንበል ካለ አለቀ። ደግሞ የኤ6000 ሴንሰር ትንሽ ስለሆነ 58ቱ እንደ 87 ሚሊ ሜትር ነው የሚያቀርበው፤ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። ዜኒት ያለው አጎት ለሌላችሁ ቲቲአርቲዛን የሚባለው የቻይና 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 ይሻላል እላለሁ። እሱም በእጅ ነው የሚጠራው፣ ግን ውጭ አገር ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል።

ለሠርግ ግን ሁለቱንም አልይዝም። ኬክ የሚቆርሱ ሙሽሮች ቀለበት እስካዞር አይጠብቁኝም። ስለዚህ ለሲግማው እያጠራቀምኩ ነው። ቶሎ ቢደርስልኝ ጥሩ ነው፤ አጎቴ የሻማውን ፎቶ ስልኩ ላይ አገላብጦ ካየ በኋላ «ይቺ ሌንስ አሁንም ታያለች ለካ» ብሎ፣ የዜኒቱን ባዶ ቀዳዳ በፌስታል ሸፍኖ ቡፌው ውስጥ መለሰና «እስከ ፋሲካ ትመልሳታለህ» አለኝ።